«ፎርጊቭ» ሆድ ውስጥ ያለው «ጊቭ»

ጥያቄ፦ «እሁድ ዕለት ሰባኪያችን ‹ፎርጊቭ› የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከ‹ፎር› እና ከ‹ጊቭ› የተሠራ ስለሆነ ትርጉሙ ‹ሳይጠየቁ አስቀድሞ መስጠት› ነው ብለው አስተማሩን። ደስ ብሎኝ ቤት ስገባ ልጄ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጣ የኮሌጅ ብድሯ ‹ፎርጊቭ› እንዲደረግላት ቅጽ ትሞላለች። ግራ ገባኝ። ብድር ምን በድሎ ነው ይቅር የሚባለው? ቃሉ በትክክል ምን ማለት ነው? ከየት መጣ? ከእኛ ‹ይቅርታ› ጋርስ አንድ ነው?»

ምላሽ፦

ሰባኪያችሁ ግማሹን አግኝተውታል። «ጊቭ» የምር መስጠት ነው። ቃሉ ሆድ ውስጥ የተቀመጠውም ሌላ ሳይሆን እሱው ነው። የሳቱት «ፎር» ላይ ነው። አይፈረድባቸውም፤ በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሰባኪዎችም ይህንኑ ሲሉ ሰምቻለሁ።

እንግሊዝኛ ውስጥ ለጆሮ አንድ የሚመስሉ ሦስት «ፎር»ዎች አሉ። አንደኛው ብቻውን የሚቆመው፣ እኛ «ለ» የምንለው ነው። ሁለተኛው ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «ኢ» የሚጨመርበት ነው። እሱ «ፊት» ወይም «አስቀድሞ» ማለት ነው። ግንባር «ፎርሄድ»፣ የአየር ትንበያ «ፎርካስት» የሚባሉት በዚህ ነው። ሰባኪያችሁ የያዙት ይህን ሁለተኛውን ነው። «ፎርጊቭ» ሲጻፍ ግን ያቺ «ኢ» የለችም።

ሦስተኛው «ፎር» ሌላ ፍጥረት ነው። ብቻውን አይቆምም። ዛሬ አዲስ ቃል አይፈጠርበትም። ጥቂት አሮጌ ቃላት ውስጥ ተደብቆ የቀረ ቅጥያ ነው። ትርጉሙ እንደየቃሉ ይለዋወጣል። አንዳንዴ «ከእጅ ማራቅ» ነው፣ አንዳንዴ «ጨርሶ፣ እስከ መጨረሻው»፣ አንዳንዴም «እንዳይሆን»። «ፎርጌት»ን እንይ፤ መርሳት ማለት ነው። «ጌት» በጥንቱ መጨበጥ፣ መያዝ ነበር። ቅጥያው ሲገባበት የጨበጡት ነገር ከእጅ አመለጠ። መርሳት ማለት ከእጅ ማምለጥ ነው፤ ቆንጆ አባባል ነው። «ፎርቢድ» ደግሞ ማዘዝ ከሚል ቃል መጥቶ «እንዳታደርግ» ብሎ ማዘዝ፣ መከልከል ሆነ። «ፎርጎ» መሄድ ከሚለው ተነሥቶ አልፎ መሄድ፣ መተው ሆነ።

«ፎርጊቭ»ም የዚህ ቤተሰብ ልጅ ነው። ቃል በቃል ካየነው «ጨርሶ መስጠት» ነው። በአማርኛ «እርግፍ አድርጎ መተው» እንላለን። የእነሱ ደግሞ እርግፍ አድርጎ መስጠት ነው በሉት። ወደኋላ የሚያስቀሩት የለም፣ ነገ መልሱልኝ የለም።

ቃሉ በጣም ያረጀ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው እንግሊዝኛ «ፎርዬቫን» ይባል ነበር። በ«ጊ» ሳይሆን በ«ዬ» ነው፤ ስህተት አይደለም። የዛሬው ጠንካራ «ጊ» የመጣው ከሰሜን በመርከብ ከመጡትና እንግሊዝ አገር ከሰፈሩት ቫይኪንጎች አነጋገር ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የጻፈው የእንግሊዙ ባለቅኔ ቾሰር እንኳ ገና በ«የ» ነበር የሚጽፈው። ወንበዴ ተብለው የሚታወቁት ቫይኪንጎች «መስጠት» ለሚለው ቃል ድምፅ ማበደራቸው ሁሌም ያስቀኛል።

አሁን ለጥያቄዎ ወደሚጠቅመው ነጥብ እንምጣ። በዚያ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ፎርዬቫን» የሚለው ቃል ከኃጢአት ጋር ብቻ የታሰረ አልነበረም። ዋና ሥራው መስጠት፣ መቸር፣ መፍቀድ ነበር። «ቤዎልፍ» የሚባለው የታወቀው የጥንት ግጥም ገና ሲጀምር የክብር ጌታ ለአንድ ጀግና የዓለምን ክብር «ፎርያፍ» ይላል። ሰጠው፣ ቸረው ማለት ነው። እዚያ የበደለ ሰው የለም። አባት ልጁን ለባል ሲሰጥም ይኸው ቃል ይገባ ነበር። እኛ «ዳረ» የምንለውን እነሱ በዛሬው ድምፁ «ፎርጊቭ አደረጋት» ይሉ ነበር። በዛሬ ጆሮ ሲሰማ ልጅቷ ምን ያጠፋች ይመስላል? ከእነዚህ ሁሉ ትርጉሞች ጎን ደግሞ አንድ ሌላ ነበር፤ ዕዳን መተው። ያበደርኩህን አልጠይቅህም፣ ሰጥቼሃለሁ ማለት። በደልን ይቅር ማለትም አብሮ ነበር።

ስለዚህ ልጅዎ የምትሞላው ቅጽ ላይ ያለው ቃል ከቤተ ክርስቲያን ተውሶ ባንክ ቤት የገባ አይደለም። የገንዘቡ ትርጉም ራሱ የሺህ ዓመት ዕድሜ አለው። ጊዜ ሲሄድ ሌሎቹ ትርጉሞች ረገፉ። ዛሬ ማንም ልጁን «ፎርጊቭ» አድርጎ አይድርም። በደልና ዕዳ ብቻ ቀሩ።

ለመሆኑ «ጨርሶ መስጠት» እንዴት ይቅር ማለት ሊሆን ቻለ? መልሱ ያለው የቃሉ መንታ ጋ ነው። «ፓርደን»ን ያውቁታል። እንግሊዞች ሳይሰሙ ሲቀሩ «ፓርደን?» ይላሉ። በ1300 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከፈረንሳይኛ የገባ ቃል ነው። ፈረንሳይኛው ከላቲን «ፔርዶናሬ» የመጣ ነው። «ፔር» ጨርሶ፣ «ዶናሬ» በስጦታ መስጠት። ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ገንዘብ የሚሰጠውን «ዶነር» እንላለን አይደል? ያው ሥር ነው። እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ጨርሶ ሲደመር መስጠት፤ ጨርሶ ሲደመር መስጠት። አጥንታቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት ሥጋቸው የላቲንና የጀርመን ወገን በመሆኑ ብቻ ነው። ጀርመንኛው «ፌርጌበን»ም እንደዚያው ነው።

እንዲህ ያለ መመሳሰል በአጋጣሚ አይመጣም። አንዱ ሌላውን ቁርጥራጩን እየተረጎመ ቀድቶታል። ማን ከማን ቀዳ የሚለው ላይ ግን የቋንቋ ሰዎች እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። ብዙዎች እንግሊዝኛን የመሰሉት የጀርመን ወገን ቋንቋዎች ከላቲን ወሰዱ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ፔርዶናሬ» በጥንቱ የላቲን ጽሑፍ ብዙም የማይገኝ ቃል ስለሆነ ላቲኑ ራሱ ከጀርመኖቹ ሳይኮርጅ አልቀረም ይላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከርዕሱ ትንሽ ይወጣል። ከዚያው ከመስጠት ሥር የወጣው የጀርመንኛው «ጊፍት» ዛሬ መርዝ ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ጊፍት» ስጦታ፣ ጀርመንኛው «ጊፍት» መርዝ። መጀመሪያ «የሚሰጥ መጠን» የሚል ትርጉም ነበረው፤ የመድኃኒት «ዶዝ»ም ግሪክኛ ነው፣ እሱም መስጠት ማለት ነው። ጀርመን አገር ያላችሁ ወገኖች ለጎረቤት «ጊፍት አምጥቻለሁ» እንዳትሉ።

ወደ «ፓርደን» ልመለስ። ሁለቱ ቃላት በአጥንት አንድ ቢሆኑም እንግሊዝኛ ውስጥ የኑሮ ደረጃቸው ተለያየ። «ፎርጊቭ» የቤት ቃል ሆኖ ቀረ፤ እናት ለልጅ፣ ሚስት ለባል። ፈረንሳይኛ የሚናገሩት ገዢዎች ያመጡት «ፓርደን» ደግሞ የቤተ መንግሥት ቃል ሆነ። ንጉሥ ለወንጀለኛ፣ ዛሬ ደግሞ ፕሬዚዳንት ለጥፋተኛ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ከእሳቸው በፊት ለነበሩት ለሪቻርድ ኒክሰን የሰጡት «ፓርደን» የተፈረመው እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1974 ነው። ሰነዱ «ሙሉ፣ ነጻ እና ፍጹም» ይለዋል። ቃሉ ራሱ «ጨርሶ» የሚለውን በሆዱ ይዞ ሳለ ጠበቆች ሦስት ጊዜ ደገሙት። በነገራችን ላይ ያ ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ከመውረዳቸው አራት ቀን በፊት ነው።

አሁን ወደሚወዱት ቦታ፣ ወደ አባታችን ሆይ እንሂድ። እንግሊዝኛው ላይ ሁለት ተከታታይ መስመሮች አሉ። አንዱ «ጊቭ አስ» ብሎ የዕለት እንጀራ ይለምናል። ቀጣዩ «ፎርጊቭ አስ» ብሎ ዕዳን ወይም በደልን ያነሳል። ስጠን፣ ጨርሰህ ስጠን። አሠራሩም አንድ ነው። ለእኛ እንጀራችንን፣ ለእኛ ዕዳችንን። በ1380ዎቹ እ.ኤ.አ. የተተረጎመው የዊክሊፍ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲያውም «ለእኛ» የሚለውን በግልጽ ያስገባዋል፤ ዕዳችንን ለእኛ ስጠን የሚል ነው የሚመስለው። ይህ የመስጠት ሰዋስው ዛሬም አልጠፋም፤ ተሸፍኖ ነው እንጂ። ደግሞ በጥንቱ እንግሊዝኛ እንጀራው የተለመነበት ግሥ «ጊቭ» አልነበረም፤ የዛሬው «ሴል» አያት ነበር። ያኔ መስጠት ማለት ነበር። ዛሬ መሸጥ ሆኗል።

እንጀራው ላይ ሁሉም ይስማማል። ቀጣዩ መስመር ላይ ግን አሜሪካኖች ራሳቸው አይስማሙም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሠርግ ላይ ተጋብዤ ነበር። ሙሽራው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሙሽሪት ከሌላ። አባታችን ሆይ አብረው ጀመሩ። እዚያ መስመር ላይ ሲደርሱ ግማሹ አዳራሽ «ዕዳችንን» አለ፣ ግማሹ «መተላለፋችንን» አለ። ሁለተኛው ቃል ረዘም ስለሚል አንዱ ወገን ጨርሶ ሌላውን ቆሞ ጠበቀ። አጠገቤ የነበሩት አሮጊት ፈገግ ብለው «ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አሉኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ ላይ «ዕዳ» ይላል። ከእሱ በፊት ቲንደል የሚባለው ተርጓሚ በ1526 «መተላለፍ» ብሎ ተርጉሞት ነበር፤ የአንግሊካኖቹ የጸሎት መጽሐፍም በ1549 በዚሁ ሄደ። እያንዳንዱ ልጅ ሆኖ የተማረውን ይላል።

ማቴዎስ የተጻፈበት ግሪክኛ በግልጽ «ዕዳ» ነው የሚለው። ኢየሱስ ይናገርበት በነበረው አራማይክ ዕዳና ኃጢአት በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር። ጀርመንኛም ለዕዳና ለጥፋት አንድ ቃል አለው። የእኛ አባቶች በግዕዝ «አበሳ» ብለው፣ በኋላም በአማርኛ «በደል» ብለው ወሰዱት። በዚህ የተነሳ ገንዘቡ ከጸሎታችን ወጣ። ለዚህ ነው ብድርና «ፎርጊቭ» አንድ ላይ ሲጠሩ ጆሮዎን የጎረበጠዎት። «ዕዳ» በሚለው ቤተ ክርስቲያን ያደገ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ልጅ ሆኖ ጀምሮ «ዕዳችንን ፎርጊቭ» እያለ ስላደገ ምንም አይመስለውም።

ለመጨረሻው ጥያቄዎ፣ ከእኛ «ይቅርታ» ጋር አንድ ነው ወይ ላሉት፣ አጭሩ መልስ ሥራቸው አንድ ነው፣ ሥራቸውን የሚሠሩበት እጅ ግን ይለያል የሚል ነው። የእንግሊዝኛው እጅ ይሰጣል። የአማርኛው እጅ ይተዋል።

«ይቅር»ን ብቻዋን ያውጧት። ካፌ ገብተው «ስኳሩ ይቅር» ይላሉ። ዝናብ መጥቶ «ጉዞው ይቅር» ይባላል። ያችው «ይቅር» ናት። «ቀረ» ከሚለው የመጣች የትእዛዝ ቃል ናት። አይምጣ፣ እዚያው ይሁን፣ ይተው። ይቅር ማለት እንግዲህ ቃል በቃል «ይቅር» ብሎ መናገር ነው። የሚቀረው ነገሩ ነው፤ በደሉ፣ ክሱ፣ ቂሙ። ይቅር ባዩ ለበዳዩ የሚሰጠው ነገር የለም። የሚያደርገው አንዲት ቃል መናገር ብቻ ነው። ስለዚህም ይመስለኛል ሽማግሌዎቻችን በልብ ያለው ላይ ብዙ የማይጨነቁት። ቃሉ ከአፍ እንዲወጣ ነው የሚፈልጉት።

ልጅ ሆኜ ገጠር አጎቴ ቤት አንድ እርቅ አይቻለሁ። የበደለው ሰው ከበሩ ጀምሮ ጎንበስ ብሎ መጣ፤ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። የእጅ ወፍጮ መጅ የሚያህል ነበር። ማንም አላወራም። አጎቴ ፊቱን አዙሮ ቆየ። ሽማግሌዎቹ «በል እንጂ» አሉት፣ አንዴ፣ ሁለቴ። በስተመጨረሻ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ያኔ ነው ድንጋዩ የወረደው፤ መሬት ላይ ድም ሲል እስከ አሁን ይሰማኛል። ከዚያ ሰውየው ወድቆ ጉልበቱን ሳመ፣ እሱም አነሳው። ማንም ለማንም ምንም አልሰጠም። አንድ ነገር መሬት ላይ ቀረ፣ በቃ። ይህን «ፎርጊቭ» ብዬ ስተረጉም ሁሌ የሆነ ነገር ይጎድለኛል።

ግዕዙን ሲያዩት ነገሩ የባሰ ይጠራል። አባታችን ሆይ ላይ «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ» ይላል። «ኀደገ» ተወ ማለት ነው። ሚስቱን ፈታ ለማለትም ይኸው «ኀደገ» ይገባል። ትግርኛ ተናጋሪዎች «ሕደግ» ሲሉ ተወው ማለታቸው ነው። ሐዲስ ኪዳን ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ከግሪክ ነው። ግሪኩም እዚህ ቦታ ላይ «አፌስ» ነው የሚለው፤ ልቀቅ፣ ተው። ከጀርመን ወገን ቋንቋዎችም መጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ የተተረጎመበት ጎቲክ፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ «አፍሌት» ብሎ ነው ያስቀመጠው። ልቀቅ፣ ተው። ስለዚህ መተው ለሚለው ታማኝ የሆኑት ግዕዝና ጎቲክ ናቸው። እንግሊዝኛ በመስጠት በኩል ዞሮ መጣ።

አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ይህን አልረሳውም። ጴጥሮስ ማቴዎስ 18 ላይ ወንድሜ ቢበድለኝ «ስንት ጊዜ ልተውለት?» ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ ያለው ምሳሌ የአሥር ሺህ መክሊት ባለዕዳ ነው። ጌታው አዘነለትና «ዕዳውንም ተወለት» ይላል። ኪንግ ጄምስ እዚያው ቦታ ዕዳውን «ፎርጌቭ» አደረገለት ይላል። ለበደልም ተወለት፣ ለዕዳም ተወለት። ድልድዩ እዚህ ጋ አለ፤ እኔ ያገኘሁት ግን ከተሳሳትኩ በኋላ ነው።

ስህተቴን ልንገርዎ። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮቪድ ሲገባ የአሜሪካ መንግሥት ለአነስተኛ ንግዶች ብድር ሰጠ፤ ሐበሻው ሁሉ «ፒፒፒ» የሚለው። የገንዘቡን ቢያንስ 60 በመቶ ለሠራተኛ ደመወዝ፣ የቀረውን ለተፈቀዱ ወጪዎች ያዋለ ሰው ብድሩ «ፎርጊቭ» ይደረግለት ነበር። አንድ ምግብ ቤት ያላቸው አባት ቅጹን ተርጉምልኝ አሉኝ። እኔም ራስጌው ላይ «የብድር ይቅርታ ማመልከቻ» ብዬ ጻፍኩ። አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ምን አጥፍቼ ነው ይቅርታ የምጠይቀው? ብሩን እንደሆነ ለልጆቹ ደመወዝ ነው የከፈልኩት» አሉ። «ጋሼ፣ እንግሊዝኛው ነው እንዲህ የሚለው» አልኳቸው። «እንግዲያው እንግሊዝኛው ይፈርምበት!» አይፈርሙም። እውነታቸውን ነው። በአማርኛ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አጥፍቷል። ሰርዤ «የብድር ስረዛ ማመልከቻ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ ነው ሕጉን ራሱን ያየሁት። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ለመንግሥት ወይም ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሚሠሩ ሰዎች 120 ወርሃዊ ክፍያ ከከፈሉ የተማሪ ብድራቸው ቀሪው የሚነሳበት ፕሮግራም በስሙ ላይ «ፎርጊቭነስ» አለበት። የሕጉ አንቀጽ ግን የትምህርት ሚኒስትሩ ቀሪውን «ካንስል» ያደርጋል ነው የሚለው። ይሰርዛል። አንጀቴ ራሰ። ልጅዎ የምትሞላው ይህ ከሆነ ደግሞ አበዳሪው ባንክ ሳይሆን የፌዴራል መንግሥት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ሰኔ መጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሻረው ሌላ ነው፤ እሱ ለሚሊዮኖች እስከ 10 ሺህ፣ ለአንዳንዱም እስከ 20 ሺህ ዶላር ሊሰርዝ የነበረው የፕሬዚዳንት ባይደን ዕቅድ ነበር። የሁለቱ ወሬ እየተምታታ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጧልና እንዳትደናገር ይንገሯት።

ሌሎቹን የእንግሊዝኛ ቃላት ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። «ሜርሲ»፣ ምሕረት፣ በላቲን ደመወዝ፣ ዋጋ ከሚል ቃል ነው የመጣው፤ ፈረንሳዮች ዛሬ አመሰግናለሁ ይሉበታል። «ሶሪ» ከሕመም፣ ከቁስል የመጣ ነው። ለዚህም ነው አሜሪካኖች ለቅሶ ቤት መጥተው «ሶሪ» የሚሉት። እናቴ መጀመሪያ ስትሰማ «ይሄ ደግሞ ምን አድርጎ ነው?» ብላለች። ሰውዬው አመመኝ ማለቱ ነበር። «አፖሎጂ» በግሪክኛ የመከላከያ ንግግር ነው። ፍርድ ቤት ቆሞ አላጠፋሁም ማለት። አንዳንድ ባለሥልጣን ይቅርታ ሲጠይቅ አሁንም የጥንቱን ትርጉም የሚይዝ ይመስለኛል።

«ኮንዶን» ላይ ግን ተጠንቀቁ። እሱም ከ«ዶናሬ» ነው፣ እሱም ስጦታ ነው። በ1857 እ.ኤ.አ. በወጣው የእንግሊዝ የፍቺ ሕግ በኩል ነው የተስፋፋው። ባሏ መወስለቱን እያወቀች ይቅር ብላ የተቀበለችው ሚስት በዚያው ጥፋት ፍቺ መጠየቅ አትችልም የሚል ነበር። ዛሬ ትርጉሙ ወርዶ አይቶ እንዳላየ ማለፍ ሆኗል። ደብዳቤ ላይ ካያችሁት «ይቅር አለ» ብላችሁ አትተርጉሙት።

«አምነስቲ» ደግሞ በግሪክኛ አለማስታወስ ነው፤ የመርሳት በሽታ ከሚባለው «አምኔዢያ» ጋር ወንድማማች ናቸው። አቴናውያን በ403 ዓመተ ዓለም፣ ከእርስ በርስ ጦርነት ሲወጡ፣ ያለፈውን ክፉ ላናስታውስ ብለው ማሉ። በእኛ ሕግ «ምሕረት» የሚባለው ይኸው ነው። «ፓርደን» «ይቅርታ» ተብሏል። ሰው የሚያምታታቸው ቢሆንም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 229 እና 230 ለይቷቸዋል። ይቅርታ ሲሆን ቅጣቱ ይቀራል፣ ፍርዱ ግን መዝገብ ላይ አለ። ምሕረት ሲሆን ጥፋተኛ መባሉም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ስሙን ያወጣላቸው ሰው የግሪክኛውን «መርሳት» ባያስገባውም ሥራውን አስገብቶታል። «ይቅርታ» የሚለውም ቦታውን አግኝቷል፤ የሚቀር ነገር አለና።

ለሰባኪያችሁ ምን ልበል ካሉ፣ ስብከቱን አያበላሹባቸው። «አስቀድሞ» የምትለዋን ብቻ አውጥተው «ጨርሶ» የምትለዋን ይስጧቸው። በቅዳሴ ማግስት፣ ቡና ላይ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ቢሆን ይሻላል። ልጅዎን ደግሞ ቅጹን በአማርኛ ስታስረዳዎ «ብድሩ ይቅር ተባለልኝ» ሳይሆን «ተሰረዘልኝ» ወይም «ተተወልኝ» እንድትል ያድርጉ። 120ውን ክፍያ አንድ በአንድ መቁጠሯን፣ የከፈለችበትን ወረቀት ሁሉ ማስቀመጧንም ይጠይቋት፤ አንድ ወር ካልተቆጠረላት ስረዛው ይዘገይባታል።